የዩኒቨርሲቲው ደጀ ሰላም

ጆርጅ ማካይ ብራውን ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ይህ ነው የሚባል ሥራ አልነበረውም። የተወለደው ከስኮትላንድ በስተሰሜን ባሕር መካከል በተበተኑት የኦርክኒ ደሴቶች፣ ስትሮምነስ በምትባል የወደብ ከተማ ነው። አባቱ ልብስ እየሰፋ፣ ፖስታም እያደለ ልጆቹን ያሳድግ ነበር። ጆርጅን ወደ ሃያ ዓመት ሲጠጋ የሳንባ ነቀርሳ ያዘው። መድኃኒቱ ገና ባልተስፋፋበት በዚያ ዘመን በሽታው ማለት መተኛት፣ ማሳልና መጠበቅ ነበር። ከሕክምና ወደ እናቱ ቤት፣ ከእናቱ ቤት ወደ ሕክምና ሲመላለስ አሥር ዓመት አለፈ። በመካከሉ ለአገሩ ጋዜጣ ይጽፋል፣ ግጥም ይሞክራል። እኩዮቹ ሥራ ይዘው፣ አግብተው፣ ወልደዋል። ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ነገር ከእንግዲህ የሌላ ሰው ጉዳይ መስሎት ነበር።

በ1951 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በኋላም የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በኢትዮጵያ ካልተባለ በቀር፣ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) የደሴቶቹ የጎልማሶች ትምህርት ኃላፊ አንድ ምክር ሰጠው። ከኤዲንብራ ከተማ ወጣ ብሎ ኒውባትል አቢ የሚባል ትንሽ አዳሪ ኮሌጅ አለ፤ ትምህርት ያቋረጡ ጎልማሶችን ይቀበላል፤ ለምን አታመለክትም? ጆርጅ አመለከተ፤ ተቀበሉት። ከዚያ የተነሣ ሰው በ1956 ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ1960 በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተመረቀ። ዛሬ ስኮትላንድ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊዎቿ መካከል ስሙን ከፊት ትጠራዋለች። በ1994 ልብ ወለዱ ለቡከር ሽልማት ከታጩት ጥቂት መጻሕፍት አንዱ ነበር።

ታሪኩን በዚህ ሰው የጀመርኩት ያለፈበትን ቤት ለማሳየት ነው። በብሪታንያ ላለፉት መቶ ሃያ ዓመታት እንዲህ ያሉ ቤቶች ነበሩ። ትንንሽ ናቸው፤ ተማሪው እዚያው ያድራል፤ የሚገቡትም በአሥራ አራትና በአሥራ አምስት ዓመታቸው ከትምህርት ወጥተው ማዕድን ሲቆፍሩ፣ ሸማ ሲሠሩ፣ መርከብ ላይ ሲያገለግሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። የምስክር ወረቀት አይጠየቁም። አንድ ወይም ሁለት ዓመት ያነብባሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይከራከራሉ። ከዚያ ከፊሎቹ ወደ ዩኒቨርሲቲ ያልፋሉ። ለእነዚህ ቤቶች በአማርኛ ስም ሳፈላልግ የመጣልኝ ደጀ ሰላም ነው። ወደ ቤተ መቅደሱ ከመዝለቁ በፊት ሰው አረፍ የሚልበት፣ ካህኑም ምእመኑም ከአንድ ማዕድ የሚቀምስበት የቅጥሩ በር።

የሐሳቡ ምንጭ ግን ብሪታንያ ብቻ አይደለችም። ዴንማርካዊው ቄስ፣ ገጣሚና የመዝሙር ደራሲ ግሩንትቪ ከ1829 እስከ 1831 ድረስ በየዓመቱ ወደ እንግሊዝ እየተሻገረ ጥንታዊ የብራና ጽሑፎችን ይመረምር ነበር። ካምብሪጅ ውስጥ በትሪኒቲ ኮሌጅ ሲሰነብት ግን ከብራናው ይልቅ ሌላ ነገር ማረከው። መምህራንና ተማሪዎች በአንድ ግቢ ይኖራሉ፣ በአንድ አዳራሽ ይበላሉ፣ ከምግብ በኋላም ጨዋታው ይቀጥላል። አገሩ ሲመለስ ይህን ኑሮ ለገበሬ ልጆች ተመኘው። ዴንማርክ በዚያ ወራት ሕዝብን ማማከር የጀመረች አገር ናት፤ ነገ ድምፅ የሚሰጠው ገበሬ ግን የሚናገርበት አንደበት አልሰለጠነም። በ1844 በሮዲንግ የመጀመሪያው የሕዝብ ኮሌጅ ተከፈተ። ፈተና አልነበረውም። እርሻ ሥራ በሚቀዘቅዝባቸው የብርድ ወራት ጎልማሶች እየገቡ ታሪክ፣ ቋንቋና ዝማሬ ይማሩ ነበር። ከባለጸጋ ልጆች ኮሌጅ የተቀዳው አብሮ የመኖር ልማድ በዴንማርክ በኩል ዞሮ የኋላ ኋላ ለእንግሊዝ ሠራተኛ ልጅ ደረሰ።

በብሪታንያ ግንባር ቀደሙ በ1899 በኦክስፎርድ ከተማ የተመሠረተው ረስኪን ኮሌጅ ነው። መሥራቾቹ አሜሪካውያን ነበሩ፤ ዋልተር ቭሩማን ከባለቤቱ ጋር ገንዘቡን፣ ቻርልስ ቢርድ የሚባለው የታሪክ ተማሪ ደግሞ ጉልበቱን አወጡ። ተማሪዎቹ ወጪ ለመቀነስ የቤቱን ሥራ ራሳቸው ይሠሩ ነበር፤ ወለል ይጠርጋሉ፣ ድንች ይልጣሉ፣ ከዚያ ኢኮኖሚክስ ያነብባሉ። ከመንገዱ ማዶ ያሉት የዩኒቨርሲቲው ኮሌጆች ለዘመናት የመኳንንትና የካህናት ልጆችን ያስተማሩ ነበሩ፤ እነዚህ ግን ከባቡር ሐዲድና ከከሰል ጉድጓድ የመጡ ናቸው።

ረስኪን አሥረኛ ዓመቱን ሲይዝ እርስ በርሱ ተጣላ። ጠቡን ላሳልፈው አልፈልግም፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የከፈተ ሁሉ የሚገጥመው ጥያቄ ያለው እዚያ ነው። ሠራተኛው የሚማረው ለምንድን ነው? ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከወገኖቹ ተለይቶ ከፍ እንዲል ነው ወይስ ተመልሶ ወገኖቹን እንዲያነቃ? ኮሌጁ ወደ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ እየተጠጋ መሄዱ ብዙዎቹን ተማሪዎች አስቆጣ። የሚወዱት ርእሰ ኮሌጅ ዴኒስ ኸርድ በ1909 ሲሰናበት ክፍል አንገባም ብለው አደሙ። ከዐመፁ በኋላ ተለይተው የራሳቸውን የሠራተኞች ኮሌጅ አቋቋሙ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ለንደን ተዛወረ። ይህ ተገንጣይ ኮሌጅ በ1929 ቢዘጋም፣ ከ1919 እስከ 1921 ከወንበሮቹ በአንዱ ላይ ከዌልስ የመጣ አንድ የከሰል ቆፋሪ ተቀምጦ ነበር፤ አኖይሪን ቤቫን። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጤና ሚኒስትር ሆኖ፣ በ1948 ማንም ብሪታንያዊ ታሞ ሳይከፍል የሚታከምበትን የብሔራዊ ጤና አገልግሎት ያቋቋመው እሱ ነው።

ስለዚህ ለጥያቄው ሁለቱም ኮሌጆች መልስ ሰጥተዋል ማለት ይቻላል። ረስኪንም የራሱን ፍሬ አፍርቷል። ጆን ፕሬስኮት በአሥራ አንድ ዓመቱ የሚሰጠውን ፈተና ወድቆ፣ በአሥራ አምስት ዓመቱ ትምህርት ጨርሶ፣ በመንገደኞች መርከብ ላይ አስተናጋጅ የነበረ ሰው ነው። ከ1963 እስከ 1965 ረስኪን ተማረ፤ ከዚያ ሃል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ተመረቀ፤ ከ1997 ጀምሮ ለአሥር ዓመት የብሪታንያ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ከአፍሪካም የመጣ አለ። ኬንያዊው የሠራተኛ ማኅበር መሪ ቶም ምቦያ ናይሮቢ ውስጥ የጤና ጥበቃ ተቆጣጣሪ ሆኖ ሲሠራ ቆይቶ በ1955 ረስኪን ገባ፤ አንድ ዓመት ብቻ ነው የቆየው። በ1959 ራሱ ባስተባበረው ጉዞ 81 የምሥራቅ አፍሪካ ተማሪዎች በአንድ አውሮፕላን ተሳፍረው ወደ አሜሪካ ኮሌጆች አቀኑ፤ በሚቀጥሉት ዓመታት መቶዎች ተከተሏቸው። የደጀ ሰላሙን ጥቅም የቀመሰ ሰው ሌላውን ሳይጠራ አይቀመጥም።

ከረስኪን በኋላ ሌሎችም ተከፈቱ። በርሚንግሃም አጠገብ በቸኮሌት ነጋዴዎቹ በካድበሪ ቤተሰብ ድጋፍ በ1909 የተቋቋመው ፈርክሮፍት የዴንማርኮቹን ፈለግ ይከተል ነበር። በ1920 ለሴቶች ብቻ የተከፈተው ኋላ ሂልክሮፍት ተባለ። በ1927 በዌልስ ባሕር ዳርቻ ኮሌጅ ሃርሌክ ተመሠረተ። በ1978 ደግሞ በከሰል አገር በባርንስሊ አጠገብ፣ የመኳንንት ቤት በነበረ ግቢ፣ ኖርዘርን ኮሌጅ ሥራ ጀመረ። የእያንዳንዳቸው ታሪክ ለየብቻው ይጻፋል፤ እኔ ልቤ ያለው ኒውባትል ላይ ስለሆነ ወደዚያ ልመለስ።

ኒውባትል ገዳም ነበር። በ1140 የስኮትላንዱ ንጉሥ ቀዳማዊ ዳዊት ከሜልሮዝ ያስመጣቸው የሲስተርሲያን መነኮሳት በአንድ ወንዝ ዳር ሰፈሩበት። መነኮሳቱ መጸለይ ብቻ ሳይሆን መሬትም ይቆፍሩ ነበር፤ በስኮትላንድ ውስጥ ከሰል ቀድመው ካወጡት ሰዎች መካከል ይቆጠራሉ። በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን አገሩ ፕሮቴስታንት ሲሆን የገዳሙ የመጨረሻ አስተዳዳሪ ሃይማኖቱን ለውጦ ቦታውን የቤተሰቡ ርስት አደረገው። የከር ቤተሰብ ነው፤ ኋላ የሎቲያን ማርኩዊስ የሚል የመኳንንት ማዕረግ ያገኘው። የገዳሙ የድንጋይ ቅስቶች ከምድር ቤቱ ሳይነኩ፣ ከላያቸው ላይ ቤተ መንግሥት የሚመስል መኖሪያ ተሠራ። ከሰሉም አልቆመም። በ1890ዎቹ በአቅራቢያው የተከፈተው ትልቁ የከሰል ጉድጓድ በአንዲት የሎቲያን እመቤት ስም ሌዲ ቪክቶሪያ ተባለ። የቤቱ ምንጣፍና የግድግዳው ሥዕል ከመሬት በታች ከሚውሉት ሰዎች ላብ ጋር የተያያዘ ነበር።

በ1930 ርስቱን የወረሰው አሥራ አንደኛው ማርኩዊስ ፊሊፕ ከር ሚስትም ልጅም አልነበረውም። በ1937 ይህን ቤት ከነግቢው የጎልማሶች አዳሪ ኮሌጅ እንዲሆን ሰጠ፤ አደራውንም ለአራቱ ጥንታውያን የስኮትላንድ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ለሴንት አንድሩዝ፣ ለግላስጎው፣ ለአበርዲንና ለኤዲንብራ አስረከበ። ዩኒቨርሲቲዎቹ የትንሹ ቤት ባላደራ ሆኑ ማለት ነው። የከሰል ቆፋሪው ልጅ የአባቱ ጌታ ይተኛበት በነበረው ክፍል ተኝቶ፣ ይበላበት በነበረው አዳራሽ በልቶ፣ ያነብበው የነበረውን መጽሐፍ አነበበ። ሰጪው ብዙም አላየውም፤ በ1939 በዋሽንግተን የብሪታንያ አምባሳደር ሆኖ ተሾመ፣ በ1940 ታኅሣሥ ውስጥ እዚያው ሞተ።

የመጀመሪያው ርእሰ ኮሌጅ አሌክሳንደር ፍሬዘር ቀድሞ በአፍሪካ ይሠራ ነበር። ዛሬ ጋና በተባለችው በጎልድ ኮስት የአቺሞታ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ርእሰ መምህር እሱ ነበር። ከጋናዊው ምሁር ከጄምስ አግሬ ጋር አብሮ ሠርቷል፤ ክዋሜ ንክሩማ የተማረውም እዚያ ነው። የአቺሞታ ዓርማ የፒያኖ ጥቁርና ነጭ ቁልፎች ናቸው፤ ሁለቱ ካልተነኩ ሙሉ ዜማ አይወጣም ለማለት። በአክራ አቅራቢያ የጥቁሩንና የነጩን አብሮ መሥራት የሞከረ ሰው፣ ስኮትላንድ ተመልሶ የጌታውንና የሎሌውን ልጅ በአንድ ማዕድ ለማስቀመጥ ተሾመ። ጊዜ ግን አላገኘም። ጦርነቱ መጣና ኮሌጁ ተዘጋ፤ ግቢውን ሠራዊቱ ወሰደው።

እንደገና የተከፈተው በ1950 ነው፤ በዚህ ጊዜ ኃላፊ ሆኖ የመጣው ገጣሚው ኤድዊን ሚዩር ነበር። ከዚህ ሹመት የበለጠ የገረመኝ ነገር በዚህ ታሪክ ውስጥ የለም። ሚዩር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አያውቅም። የኦርክኒ ገበሬ ልጅ ነው፤ በአሥራ አራት ዓመቱ ቤተሰቡ እርሻውን ትቶ ግላስጎው ገባ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አባቱን፣ እናቱንና ሁለት ወንድሞቹን ቀበረ። ከዚያ የእንስሳት አጥንት ተሰብስቦ በሚቃጠልበት ፋብሪካ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ፤ የሽታውንና የትሉን ነገር በግለ ታሪኩ ጽፎታል። ያነበበው ሁሉ በግሉ፣ በማታና በትራም ውስጥ ያነበበው ነው። ሚስቱ ዊላ ግን በሴንት አንድሩዝ ዩኒቨርሲቲ የጥንት ቋንቋዎች ሊቅ ሆና የወጣች ናት፤ ሁለቱ አብረው የፍራንዝ ካፍካን መጻሕፍት ከጀርመንኛ ወደ እንግሊዝኛ መለሱ። ከጦርነቱ በኋላ በፕራግ የብሪቲሽ ካውንስልን ተቋም ይመራ ነበር፤ በ1948 ኮሚኒስቶች ሥልጣን ሲይዙ እዚያው ሆኖ አይቷል። ወደ ኒውባትል የመጣው ስድሳ ሦስት ዓመቱ ላይ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ሰው ለዩኒቨርሲቲ ያዘጋጃል? እኔ እንደሚመስለኝ ይበልጥ ያዘጋጃል። ከበሩ ውጭ ቆሞ የኖረ ሰው በበሩ ለገባ ሰው የማይታየውን ነገር ያውቃል። በአሥራ አራት ዓመቱ ትምህርት ያቆመ ሰው ሞኝ አይደለም። ማኅበሩን ወክሎ ከአሠሪ ጋር ሲከራከር ኖሯል፤ የሰው ጠባይ ያውቃል። የሚጎድለው ሌላ ነው። በልቡ ያለውን ሐሳብ አምስት ገጽ ላይ ሳይበታተን መዘርጋት አልለመደም። መጽሐፍ ከፍቶ ሦስት ሰዓት መቀመጥ ለሥራ ሰው ሥራ መፍታት ይመስለዋል፤ ወገቡ እንኳ እንቢ ይለዋል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ቦታው የእኔ አይደለም የሚለው ስሜት ነው። ይህን ስሜት መጽሐፍ አያወጣውም። የሚያወጣው ያንተን ጽሑፍ ጊዜ ወስዶ ያነበበ፣ ከዚያ ቡና አጠገብ ተቀምጦ «እዚህ ጋ ምን ማለትህ ነው?» ብሎ የሚጠይቅህ ሰው ነው።

ሚዩር እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ የማይቸኩል፣ ከመፍረድ ይልቅ የሚያዳምጥ። እሱና ዊላ የሚኖሩት እዚያው ኮሌጁ ውስጥ ነበር። ከተማሪዎቹ መካከል ኋላ ስመ ጥር የሆኑ ጸሐፊዎች ወጥተዋል፤ የግላስጎው ልብ ወለድ ደራሲ አርቺ ሃይንድ አንዱ ነው። የጆርጅን ግጥሞች ግን ለየት አድርጎ ተከታተላቸው። በ1954 ጆርጅ የመጀመሪያ መድበሉን ሲያሳትም መቅድሙን የጻፈው ሚዩር ነው። በኋላም ግጥሞቹን ራሱ ጆርጅ ሳያውቅ ለለንደን አሳታሚ ልኮ በ1959 ሁለተኛው መድበል እንዲወጣ መንገድ ከፈተ። ይህ በየትኛውም ሥርዓተ ትምህርት ላይ አልተጻፈም። የሚቻለው ግን መምህሩ ተማሪውን በስሙ፣ በጤናው፣ በተስፋውና በስንፍናው ጭምር ሲያውቀው ነው።

የጆርጅ ነገር አንድ ጊዜ ተሠርቶ ያለቀ አይደለም። ከኒውባትል በኋላ በሽታው አገርሽቶ እንደገና አልጋ ላይ ጣለው። በ1956 ተመልሶ ኒውባትል ገባና ጥቂት ጊዜ ተዘጋጅቶ ነው ወደ ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የተሻገረው። ሚዩር በዚያን ጊዜ ኮሌጁን ለቋል፤ በ1955 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ስለ ቅኔ ንግግር እንዲያደርግ ጠርቶት አሜሪካ ሄዷል። የአጥንት ፋብሪካው ጸሐፊ ለሃርቫርድ ተማሪዎች አስተማረ። በ1959 ዐረፈ። ለጆርጅ ሁለተኛ ጊዜ የተከፈተው በር ያው የመጀመሪያው በር መሆኑን ልብ ይሏል። ወድቆ የተመለሰን ሰው «ዕድልህን አንድ ጊዜ ተጠቅመሃል» የማይል ቤት ነበር።

ይህን ሁሉ ሳነብ ያደግኩበት አገር ትምህርት በዓይኔ ይመጣል። ገዳም ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ደብተሩን ሳይሆን ዳዊቱንና ኮሮጆውን ይዞ ስመ ጥር መምህር ወዳለበት አገር ይሰደዳል። ከመምህሩ ደጅ ጎጆ ይቀልሳል። በሌሊት የቆጠረውን ቅኔ በጠዋት ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታም ቤቱ የፈረሰውን፣ ምሥጢሩ የጎደለውን እዚያው ያርሙለታል፤ ያማረውንም ያመሰግኑለታል። ቅኔ ነገራ ማለት ይህ ነው። አንድ ተማሪ፣ አንድ መምህር፣ አንድ የተማሪው የራሱ ሥራ። በኦክስፎርድ በውድ ዋጋ የሚሸጠው የአንድ ለአንድ ትምህርት ከዚህ የራቀ አይደለም። ልዩነቱን አልክድም፤ የቅኔ ቤቱ ተማሪ በልመና ይማራል፣ ይራባል፣ ውሻ ይነክሰዋል። ግን ያልታረመለት ቀን የለም።

እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት መቶዎች ሆነን በአንድ አዳራሽ እንማር ነበር። ሦስት ሳምንት የለፋሁበት ጽሑፍ ሲመለስልኝ ከላዩ አንድ ቁጥር ብቻ ነበር የተጻፈበት፤ ሌላ አንድ ቃል የለበትም። ቁጥሩ መጥፎ አልነበረም። ነገር ግን ምኑ ጥሩ እንደሆነ፣ ምኑ እንደጎደለ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን አዳራሽ ሳስብ ነው የትንሽነት ዋጋ የሚገባኝ።

ትንሽነት የእነዚህ ቤቶች ጉልበት የመሆኑን ያህል ገዳያቸውም ሆኗል። በትንሽ ኮሌጅ ለአንድ ተማሪ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ነው። ሂሳብ የሚመረምር ባለሥልጣን መዝገቡን ሲገልጥ አስቀድሞ የሚያየው ይህን ነው። ኒውባትል በ1980ዎቹ መጨረሻ የመንግሥት የገንዘብ ድጋፍ ተቋርጦበት ተዘጋ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ የገቢ መንገድ ፈልጎ ዳግመኛ ተከፈተ። ኮሌጅ ሃርሌክ በ2014 ከሌላ ድርጅት ጋር ተዋሐደ፤ ሂልክሮፍት በ2017፤ ረስኪንም በ2021 በዌስት ለንደን ዩኒቨርሲቲ ሥር ገባ። ጎረቤት የነበረው የሌዲ ቪክቶሪያ የከሰል ጉድጓድ እንኳ በ1981 ሥራ አቁሞ ዛሬ የማዕድን ሙዚየም ሆኗል። ኮሌጆቹን የወለደው የከሰልና የፋብሪካ ዓለም ራሱ አለፈ።

ሥራቸው ግን ባለቤት አላጣም። በ1978 የእንግሊዝ የትምህርት መሥሪያ ቤት ጥቂት የአካባቢ አስተዳደሮችን መርጦ፣ ምስክር ወረቀት የሌላቸውን ጎልማሶች ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጅ ትምህርት በሙከራ እንዲጀምሩ ጋበዘ። ከዚያ የተወለደው «አክሰስ» የሚባለው ትምህርት ነው። በስኮትላንድም በ1980ዎቹ መጨረሻ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ተባብረው ተመሳሳይ መርሐ ግብር ዘረጉ፤ ኒውባትልም ዳግመኛ ሲከፈት ይህን ትምህርት ሰጥቷል። አንዱ መምህር አንድን ድርሰት ሦስት ጊዜ መልሶ የሚያጽፍበት፣ ማስታወሻ አያያዝንና የመጻሕፍት አጠቃቀስን ከሥሩ የሚያስተምርበት የአንድ ዓመት ትምህርት ነው። አዳሪነቱ ቀርቷል፤ ማዕዱ ቀርቷል። በዚህ አዝናለሁ። በትንሽ ክፍል መቀመጡና በስም መታወቁ ግን በብዙ ቦታ አለ።

ስለ አገራችን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ለ2014 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች መካከል ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶው 3.3። ያን ውጤት ተከትሎ በየዩኒቨርሲቲው ሬሜዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት ተጀመረ። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ሆኖም ማካካሻ በትልቅ አዳራሽ፣ በድምፅ ማጉያ አይካካስም። ልጁ ከመጀመሪያውም ያጣው ጽሑፉን የሚያነብለት ሰው ነው። ለሬሜዲያል የሚወጣው ገንዘብ በከፊል እንኳ ለትንንሽ ክፍሎችና ሥራን መልሶ ለሚያርም መምህር ቢመደብ፣ በኒውባትልና በቅኔ ቤት የታየው ነገር ጎንደር ወይም ወላይታ የማይታይበት ምክንያት የለም። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወድቆ አሥር ዓመት ሱቅ ሲጠብቅ የኖረ ሰውም የሚያመለክትበት በር ሊኖር ይገባል።

ይህን የምታነበው ብሪታንያ ሆነህ ከሆነ፣ ወይም የምታነቢው፣ በሩ እዚያ አለ። በሱዳንና በሊቢያ መንገድ ላይ ትምህርቱ የተቋረጠበት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀቱ የጠፋበት፣ ሌሊት ሆቴል እያጸዳ ቀን የሚተኛ ወገን ብዙ ነው። በአቅራቢያችሁ ወዳለው ኮሌጅ ሄዳችሁ «አክሰስ ቱ ሃየር ኤጁኬሽን» ብላችሁ ጠይቁ። ነርስነት፣ ማኅበራዊ ሥራ፣ ሕግ፣ ምሕንድስና፣ ሥነ ጽሑፍ ሁሉም አለ። እንግሊዝ ውስጥ ለዚህ ትምህርት የሚሰጠው ብድር ዩኒቨርሲቲውን ስትጨርሱ ይሰረዛል። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ብላችሁ አትቅሩ፤ ለዚያም የመሰናዶ ክፍል አለ። ዕድሜዬ ሄዷልም አትበሉ። ጆርጅ ማካይ ብራውን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነበር።